ሦስት ማሽን አየሁ፤ የቱን ልግዛ?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ አዳማ ውስጥ ከባለቤቴ ጋር የቆዳ ሥራ እንሠራለን። ቀበቶና የሴቶች ቦርሳ ነው ሥራችን። አልፎ አልፎ ጋሪ ነጂዎች የፈረስ ዕቃ ያመጡልናል። እስካሁን ወፍራም ወፍራሙን ማሽን ላለው ሰው እየከፈልን ነበር የምናሰፋው። አሁን እቁብ ስለደረሰኝ ያገለገለ ማሽን ልገዛ ነው። ሦስት አይቻለሁ። አንዱ በእጅ የሚዞር አሮጌ ሲንገር 29ኬ ነው፤ ሻጩ ‹ድንጋይ ይሰፋል› ይላል። ሁለተኛው ጁኪ 1541 ነው፣ ከነጠረጴዛውና ከነሞተሩ፤ ቦርሳ ቤት ዘግተው የሚሸጡት ነው። ሦስተኛው ክንዱ ወፍራም የቻይና ማሽን ነው፣ 441 ይሉታል፤ ዋጋው የጁኪው እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። የቱ ይሻለኛል? ስገዛስ ምኑን ልይ?»

እህቴ፣ እቁቡ እንኳን ደረሰሽ። እቁብ በደረሰ ማግስት ደላላ ሁሉ ዘመድ ይሆናል። ገንዘቡ ከእጅሽ ሳይወጣ መጠየቅሽ ደግ አደረግሽ።

መልሱን አላንጠለጥለውም። ጁኪውን ግዢ። ግን ከታች የምነግርሽን ፈተና ካለፈ ብቻ ነው። ካላለፈ ሦስቱንም ትተሽ ወደ ቤትሽ ግቢ፤ ሌላ ማሽን ይመጣል። አሁን ምክንያቱን ላስረዳሽ። ምክንያቱ ከገባሽ ነገ አራተኛ ማሽን ብታዪም እኔን መጠየቅ አያስፈልግሽም።

ስለ ማሽኖቹ ጻፍሽልኝ እንጂ ስለ ቆዳሽ ምንም አላልሽም። ስንት ሚሊ ነው? በምን ክር ነው የምትሰፉት? እኔ ጋ የሚመጣው ሰው አብዛኛው እንዲሁ ነው። «ጠንካራው የቱ ነው?» ይለኛል። እኔ ደግሞ «ምን ልትሰፋበት?» እለዋለሁ። ገልባጭ መኪና ከባጃጅ ይጠነክራል። ግን ከፍራንኮ ፖስታ ቤት ሰው ለማድረስ ብሎ ገልባጭ የሚገዛ የለም።

ስላልነገርሽኝ ልገምት። ቀበቶው ሁለት ድርብ ነው፤ ላይኛው 2 ሚሊ ገደማ፣ የሥሩ 1.5። ዘለበቱ ጋ ሲታጠፍ 7 ሚሊ ይደርሳል። ቦርሳው ከ1.2 እስከ 1.5 ሚሊ ባለው ቆዳ ነው። ፎደራው፣ እጥፋቱና ማንጠልጠያው አንድ ቦታ ሲገናኙ 6 ሚሊ ሊሆን ይችላል። የፈረስ ዕቃው ግን ሌላ ዓለም ነው። 4 ሚሊ ቆዳ ሦስት ሲደረብ 12 ሚሊ ሞላ ማለት ነው። ካሊፐር ካለሽ በራስሽ ቆዳ ለኪው። ከሌለሽ አሥር ቁራጭ ደርድረሽ ጫን አድርገሽ በማስመሪያ ለኪና ለአሥር አካፍዪ። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፈሽ ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺው። ማሽን ልታዪ ስትሄጂ ከገንዘቡ ቀድሞ የሚያስፈልግሽ ያ ወረቀት ነው።

አሁን ወደ «ድንጋይ ይሰፋል» እንምጣ። ይህን አባባል ሻጮች ከየት እንዳመጡት እንጃ፣ ሁሉም ይሉታል። የቀበቶ ቁራጭ አራት አጥፎ መርፌው ሥር ያስገባልሻል። መዘውሩን ያዞረዋል። መርፌው ጥርቅ ብሎ ያልፋል። አንቺ ትደነቂያለሽ። ኧረ መብሳትማ ወስፌም ይበሳል!

ማሽን ከበሳ በኋላ ነው ሥራው የሚጀምረው። የላዩና የሥሩ ክር የሚቋለፉባትን ቋጠሮ ስቦ ቆዳው መሃል ውስጥ መቅበር አለበት። ክሩ ሲወፍር፣ ቆዳው ሲደርቅ፣ ይህ ቀላል ጉልበት አይደለም። አቅም ያጣ ማሽን ቋጠሮውን ከሥር ትቶት ይሄዳል። ከላይ ስታዪው ስፌቱ ያምራል። ስትገለብጪው ግን የሥሩ ክር እንደ ሽቦ ቀጥ ብሎ ተኝቷል። የክሩን ጫፍ ይዘሽ ብትስቢው እንደ ጆንያ አፍ ይተረተራል። ደንበኛ ደግሞ የሚስበው ገዝቶ ቤቱ ከወሰደው በኋላ ነው።

ሌላው ቆዳውን ማስኬድ ነው። የልብስ ሰፊ ማሽን የሚጎትተው ከሥር ባሉት ጥርሶች ብቻ ነው። ሁለት ድርብ ቆዳ ስትሰጪው የሥሩ ይሄዳል፤ የላዩ በመጫኛው እግር ተይዞ ወደ ኋላ ይቀራል። ማስቲሽ ብትቀቢውም መሸብሸቡ አይቀርም። እንደ 1541 ያለው ግን ከሥር በጥርስ ይጎትታል፣ ከላይ በእግር ይጎትታል፣ መርፌውም ቆዳው ውስጥ እንደተተከለ አብሮ ይራመዳል። እግሩ ሁለት ነው። አንዱ ሲረግጥ ሌላው ይነሳል። ጎንበስ ብለሽ ስታዪው ሰው ሲራመድ ነው የሚመስለው። የቦርሳና የመኪና ወንበር ሰፊዎች ይህን ዓይነቱን የሚወዱት ለዚህ ነው።

«ኢንዱስትሪያል ነው» የምትባለውም ቃል እንዳታታልልሽ። ኢንዱስትሪያል ማለት ለፋብሪካ የተሠራ ማለት ነው። የሸሚዝ ማሽንም ኢንዱስትሪያል ነው። በደቂቃ 5,000 ስፌት ይሮጣል፤ ቀበቶ ስትሰጪው ግን እንደ ወባ በሽተኛ ይንቀጠቀጣል።

እንግዲህ ያየሻቸውን በየተራ እንያቸው። ሲንገር 29ኬን እኔ እወደዋለሁ። የጫማ ሰፊዎች ወዳጅ ነው። ክንዱ ቀጭን ስለሆነ ጫማ አፍንጫ ድረስ ይገባል። እግሩ ዙሪያውን ስለሚዞር ቆዳውን ሳታዞሪ ወደፈለግሽበት አቅጣጫ ትሰፊያለሽ። በእጅ ስለሚሠራ መብራት ጠፋ አልጠፋ ጉዳዩ አይደለም። ያለቀ ቦርሳ ዚፕ ለመቀየር ከእሱ የተሻለ የለም።

ግን ቀበቶ አምራች አይደለም። ምቾቱ ቴክስ 70 ከሚባለው ቀጭን ክር ጋር ነው (ቴክስ የክር ውፍረት ቁጥር ነው)፤ ስትታገዪው ቴክስ 90 ይቀበልሻል። ቀበቶ ላይ የሚያምረውን ወፍራም ክር አይወድም። ብዙዎቹ ቦቢናቸው፣ የሥሩ ክር የሚጠቀለልበት ማለቴ ነው፣ ትንሽ ስለሆነ ጥቂት ቀበቶ ሰፍተሽ ክሩ ያልቅብሻል። ከሥር ጥርስ የለውም፤ ቆዳውን የሚጎትተው የላዩ እግር ብቻ ነው። የእግሩ ጥርስ ደግሞ ለስላሳ ቆዳ ላይ ጠባሳ ይተዋል። ሻጩ ስለ ዕድሜው የሚያወራሽን በግማሽ ጆሮ ስሚ። ኬ የምትለዋ ፊደል የምትነግርሽ የተሠራበትን ፋብሪካ ነው፣ ስኮትላንድ ያለውን ክላይድባንክን። እሱ ደግሞ በፈረንጆቹ 1980 ተዘግቷል። ስለዚህ የ29ኬ ታናሹ እንኳን 40 ዓመት አልፎታል። ዕድሜው አይደለም የሚያስፈራኝ፣ መበላቱ ነው። አዲስ ሳለ እርምጃው፣ ማለት የአንዱ ስፌት ርዝመት፣ እስከ 5 ሚሊ ይደርስ ነበር። ውስጡ ሲበላ እርምጃው እያጠረ ይመጣል። አንዳንዱ መጨረሻው ላይ ተደርጎ እንኳን 3 ሚሊ አይሞላም። ባሰ ሲል ደግሞ ወደ አንድ አቅጣጫ በደንብ ይሄድና ወደ ሌላው ይንቀራፈፋል። ይህን ማሽን የሚያይ ሰው እግሩን ወደ አራቱም አቅጣጫ እያዞረ መስፋትና ቀዳዳዎቹን ማወዳደር አለበት። አንድ ቀን የጥገና ሥራ ከበዛልሽ በሁለተኛው እቁብ ትገዢዋለሽ። አሁን ግን አይደለም።

441 የሚሉትን ደግሞ ልንገርሽ። እናቱ የጁኪ ቲኤስሲ-441 ናት። ቻይናዎቹ በየስሙ የሚሠሩት የእሷን ግልባጭ ነው። እውነተኛ ጉልበተኛ ነው። 20 ሚሊ ገደማ ቆዳ ይሰፋል፤ ኮርቻ፣ ወፍራም ቀበቶ፣ የፈረስ ዕቃ ብትዪው ገብቶ ይወጣል። ቴክስ 270 ክር ለእሱ ተራ ነገር ነው። ክንዱ 42 ሴንቲ ርዝመት አለው።

ታዲያ ለምን አልልሽም? ሥራሽ ቦርሳ ስለሆነ ነው። ይህ ማሽን ጥርሱ ሻካራ፣ የመርፌው ቀዳዳ ሰፊ ነው። 1.2 ሚሊ ቆዳ ስትሰጪው በቀዳዳው ጎትቶ ሊያስገባው ይሞክራል፤ ከሥር ደግሞ ይነክሰዋል። ለቀጭን ሥራ የሚሆን ለየት ያለ ሳህን (መርፌው የሚገባበት ቀዳዳ ያለው ብረት) እና እግር አለው። እሱን መቀያየር፣ ክሩን እንደገና ማስተካከል፣ ለአንድ ቦርሳ ግማሽ ቀን ነው። መርፌውም 794 የሚባለው ነው። በየልብስ ስፌት ዕቃ መሸጫው አታገኚውም። ከመግዛትሽ በፊት መርካቶ ሸራ ተራ ደውለሽ «794 መርፌ አለ ወይ? በስንት ቁጥር?» ብለሽ ጠይቂ። መርፌው ያልተገኘለት ማሽን የአበባ ማስቀመጫ ነው። የጋሪው ሥራ በሳምንት ሦስት አራት ትዕዛዝ የሚመጣ ከሆነ ግን ሐሳቤን እለውጣለሁ። «አልፎ አልፎ» ስላልሽ ነው። ለአልፎ አልፎው ወስፌና ሰም የተቀባ ክር አለልሽ። በሁለት መርፌ የሚሰፋ የእጅ ስፌት ከየትኛውም ማሽን አያንስም። እንዲያውም አንዱ ክር ቢበጠስ ሌላው ይይዘዋል። ጋሪ ነጂዎቹም የእጁን ሳይመርጡ አይቀሩም።

ጁኪው ዲኤንዩ-1541 ነው መሰለኝ። ጠረጴዛው ጠፍጣፋ ነው። ያ የምነግርሽ ትልቁ እንከኑ ነው። ቅርጹን የያዘ ቦርሳ ውስጡ ገብተሽ መስፋት አትችዪም። ለዚያ ክንድ ያለው ማሽን ያስፈልጋል፣ ፋፍ 335ን የመሰለ። ስለዚህ ቦርሳሽን ስትቆርጪ በጠፍጣፋው የሚሰፋውን ሁሉ አስቀድመሽ ሰፍተሽ መጨረሻ ላይ የምትገለብጪው አድርገሽ አስቢው። አብዛኛው የሴቶች ቦርሳ እንዲያ ይሠራል።

የቀረው ሁሉ ለአንቺ ይሆናል። እርምጃው እስከ 9 ሚሊ ይሄዳል። እግሩ በእጅ 9 ሚሊ፣ በጉልበት ማንሻው ደግሞ 16 ሚሊ ይነሳል። 8 ሚሊ የተጠጋጋ ቆዳ ሳይጨነቅ ይሰፋል። ቴክስ 135 ክር ይመቸዋል፤ የቀበቶ ክር ማለት እሱ ነው። ቦቢኑ ትልቅ ነው። መርፌው 135ኤክስ17 ስለሆነ በቀላሉ ይገኛል። ሳጥኑ ላይ ዲፒኤክስ17 የሚል ብታዪ አትደንግጪ፣ አንድ ነው። 17 የሚለው ጫፉ ክብ ነው፤ ለሸራና ለጨርቅ። 16 የሚለው ርዝመቱ ያው ሆኖ ጫፉ ቆዳ ይቆርጣል። አንቺ የምትፈልጊው 16ቱን ነው። ውፍረቱ ለቴክስ 135 ክር 140 ወይም 160 ቁጥር።

ሌላ አንድ ፊደል እዪ። ከ1541 ቀጥሎ «ኤስ» ካለ ማሽኑ መከላከያ ክላች አለው። ክር ሥር ሲጠላለፍ፣ ከሥር ሆኖ የመርፌውን ክር የሚይዘው መንጠቆ ከመሰበሩ በፊት ራሱን ይለቃል። አንቺም ቁልፉን ተጭነሽ መዘውሩን አዙረሽ ትመልሺዋለሽ። ኤስ የሌለውም ይሠራል። ያለው ከሆነ ግን ትንሽ ጨምረሽም ቢሆን ውሰጂው።

ስለ ክር ትንሽ ልጨምር፣ ምክንያቱም ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሪሉ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ሦስት ዓይነት ነው። ቴክስ ካለ ቁጥሩ ሲጨምር ክሩ ይወፍራል። አሜሪካኖቹ 69፣ 138፣ 277 ይላሉ፤ እነሱ ቴክስ 70፣ 135፣ 270 መሆናቸው ነው። ሦስተኛው ግን ተገላቢጦሽ ነው፦ 40 ቁጥር ቀጭን፣ 20 ወፍራም፣ 10 ደግሞ ከሁሉም ይወፍራል። አንድ ልጅ «ትልቁን ስጡኝ» ብሎ 40 ቁጥር ገዝቶ መጥቶ ማሽኑን ሲረግም ሰምቻለሁ።

አሁን ፈተናው። መጀመሪያ እኔ የተበላሁበትን ልንገርሽ። በወጣትነቴ አዲስ አበባ ሄጄ አንድ የሚራመድ እግር ያለው ማሽን ገዛሁ። ጥቁር ቀለሙ ያብረቀርቃል። ሻጩ ፔዳሉን ረገጠው፣ እንደ ንብ እምም አለ። በቀጭን ክር፣ በጨርቅ ላይ፣ በፍጥነት ሰፋልኝ። አንድም ስፌት አልዘለለም። ቀብድ ሳይሆን ሙሉውን ቆጥሬ ሰጠሁ። በአይሱዙ ጭኜ ናዝሬት ገባሁ፣ ያኔ ናዝሬት ነበር የምንላት። ማታውኑ ወፍራም ክር አስገብቼ ቀበቶ ሰጠሁት። አሥር ሰፍቶ አንድ ይዘላል። አሥር ሰፍቶ አንድ ይዘላል። ሳህኑን ፈትቼ በባትሪ ሳየው የመንጠቆው ጫፍ ተበልቶ ነበር። አንዱ ብልጥ በሞረድ አሹሎ፣ አሳጥሮት። ለዚያ ሞዴል መንጠቆ መርካቶ ጠፋ። ከዱባይ የሚመጣ ሰው እስኪገኝ ማሽኑ ወራት ጆንያ ለብሶ ተቀመጠ።

ቀለም፣ ፍጥነትና ቀጭን ክር ስንት ጉድ እንደሚሸፍኑ ያኔ ነው የገባኝ። አንቺ ግን የራስሽን ቆዳ፣ የራስሽን ክር፣ የራስሽን አዲስ መርፌ ይዘሽ ሂጂ። ሻጩ «አያስፈልግም፣ እዚህ አለ» ካለሽ ፈገግ ብለሽ የራስሽን አውጪ።

ሞተሩን አስጠፊው። ክሩን አውጪ። መዘውሩን በእጅሽ ወደ ራስሽ ቀስ አድርገሽ አዙሪ። ዙሩ ሁሉ እኩል መክበድ አለበት። አንድ ቦታ ላይ የሚይዝ፣ ከዚያ የሚለቅ ከሆነ የሆነ ነገር ይነካካል ወይ ተጣሟል። ከዚያ መርፌውን የያዘውን ዘንግ በሁለት ጣት ይዘሽ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነቅነቅ አድርጊው። ይህ ማሽን መርፌው ራሱ ስለሚራመድ ትንሽ መላወስ ያለ ነው። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከሰማሽ ግን ተበልቷል።

ከዚያ ሳህኑን ያስፈታልሽ። ካቻቢቴ የሌለው ማሽን ሻጭ የለም። በስልክሽ መብራት ወደ ውስጥ እዪ። ክሩን የሚይዘው የመንጠቆ ጫፍ እንደ መርፌ የሾለ፣ ያልተቧጨረ መሆን አለበት። መዘውሩን ስታዞሪ ጫፉ በመርፌው ጀርባ፣ ከዓይኑ ከፍ ብሎ፣ ሳይነካው ታክኮ ያልፋል። በመሃላቸው የሚታየው ብርሃን የፀጉር ያህል ነው። ጣትሽን አስገብተሽ ዙሪያውን ዳብሺ፤ የሻከረ ነገር ካለ ክርሽን ይበጥሳል። ጥርሶቹንም እዪ። ጫፋቸው ከተድቦለቦለ ቆዳ አይዙም፤ እነሱ ግን ውድ ዕቃ አይደሉም፣ ይቀየራሉ። በሚገለበጠው ጭንቅላት ሥር የታችና የላይ ዘንጎቹን የሚያገናኝ ጥርሳም ቺንጋ ታዪያለሽ። ከተሰነጣጠቀ ዕድሜው አልቋል።

ጭንቅላቱ ከተገለበጠ አይቀር የብረቱን አካል በደንብ እዪ። ተሰብሮ የተበየደ ክንድ በቀለም ይደበቃል። ጥፍርሽን በቀለሙ ላይ አስኪጂው፤ የብየዳው ጠርዝ ይያዝሻል። አንድ ማሽን ከመኪና ወድቆ ተበይዶ ካየሽ ቆመሽ አትከራከሪ።

ክር ሳታስገቢ ቀጥለሽ አንድ ነገር ሞክሪ። እርምጃውን 5 ላይ አድርገሽ በካርቶን ላይ አሥር ጊዜ አስኪጂው። በማስመሪያ ስትለኪው 5 ሴንቲ አካባቢ መሆን አለበት። ከዚያ የኋሊት ማንሻውን ጫኚና በዚያው መስመር መልሺው። ቀዳዳዎቹ በቀዳዳዎቹ ላይ ከወረዱ ማሽኑ ጤነኛ ነው። ትንሽ ቢዛነፍ ይስተካከላል። የፊቱ 5 ሆኖ የኋላው 3 ከሆነ ግን ውስጡ የተበላ ነገር አለ። የቀበቶ ጫፍ ደግሞ በኋሊት ስፌት ነው የሚያዘው፤ ይህን ዝም ብለሽ አትለፊው።

አሁን ክር አስገቢ። ሦስት ነገር ስፊ። አንዱ የቦርሳ ቆዳ ሁለት ድርብ። ሌላው ሙሉ ቀበቶ፣ ርዝመቱን። ሦስተኛው ደግሞ ደረጃ ያለው፦ ከ2 ሚሊ ተነስቶ 7 ሚሊ ላይ ወጥቶ እንደገና የሚወርድ። ማሽን የሚጋለጠው ሦስተኛው ላይ ነው። ደረጃው ላይ ሲወጣ እርምጃው ካጠረ፣ ሲወርድ ስፌት ከዘለለ፣ አይተሻል ማለት ነው። በዝግታ አስፊው፤ ፍጥነት ለሻጩ ነው የሚጠቅመው። ከዚያ ገልብጪ። ቋጠሮው ከሥር ከታየ የላዩን ማጥበቂያ አንድ ሁለት ዙር አጥብቂና ድገሚ። ከተስተካከለ ችግር የለም። አጥብቀሽ አጥብቀሽ አልገባ ካለ ወይ የቦቢን ቤቷ ሞላ ደክማለች፣ ወይ ክሩ የሆነ ቦታ ይያዛል። ሞላዋ ርካሽ ናት፤ ከዋጋው ላይ ግን ታስቀንሻለሽ።

ስፌት ከዘለለም ቶሎ አትፍረጂ። መጀመሪያ መርፌው የራሱ መሆኑን አረጋግጪ። የፋፍ መርፌ 134-35 ይባላል፣ አንዳንዱ ይመሳሰላሉ ብሎ ያስገባዋል። ርዝመቱ ስለሚለያይ ጤነኛውን ማሽን በሽተኛ ያስመስለዋል። አዲስ መርፌ ይዘሽ ሂጂ ያልኩሽ ለዚህም ነው።

ሞተሩ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ሞተሩ ላይ የተለጠፈችውን ጽሑፍ አንብቢ። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ከአሜሪካ የመጣው 110፣ ከጃፓን የመጣው 100 ቮልት ሊል ይችላል። ትልቅ ቤት ውስጥ የነበረ ማሽን ደግሞ 380 ቮልት ሦስት ፌዝ ሆኖ ይገኛል፤ ቤትሽ ያለው ቆጣሪ አንድ ፌዝ ከሆነ አይሠራልሽም። ይህ ማሽኑን አያስጥልም፣ ሞተሩን ብቻ ነው። ዋጋ ስትደራደሪ ሞተር እንደሌለው ቁጠሪው።

አሮጌው ዓይነት ክላች ሞተር ብትሰፊም ባትሰፊም ይዞራል፣ ሲያጉረመርም ይውላል። ፔዳሉን ነካ ስታደርጊው እንደ ደነበረ ፈረስ ይዘላል። ለቦርሳ ቀጥታ መስመር ደህና ነው። ዘለበት ሥር አንድ አንድ ስፌት ቆጥረሽ ለመሄድ ግን ያስለቅሳል። ሰርቮ የሚባለው ስትረግጪ ብቻ ነው የሚዞረው፤ በዝግታ ይሄዳል፣ መብራትም አይበላም። 550 ዋት አለ፣ 750 ዋት አለ፤ ለቆዳ 750ውን ውሰጂ። በዝግታ ሲሄድ ጉልበት ካነሰው ሞተሩ ላይ ያለውን ፑሊ (ቺንጋውን የሚያዞረውን ክብ ብረት) በትንሽ ማስቀየር ነው። ቶርኖ ቤት ሄደሽ 45 ወይም 50 ሚሊ ፑሊ አስቀርጪ። ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ጉልበቱ ይጨምራል። ብዙዎች ይህን ሳይሞክሩ «ማሽኑ ደካማ ነው» ብለው ይሸጡታል።

ስለ ገንዘቡ አጭር ነኝ። ቀብድ ከመክፈልሽ በፊት ሞክሪ። የሚሸጡት ቦርሳ ቤት የዘጉ ሰዎች ስለሆኑ ማሽኑ የራሳቸው መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ጠይቂ፣ የጭንቅላቱ ቁጥር ተጽፎ ውል ይሁን። ሌሎች ማሽኖችም እየሸጡ ከሆነ የቦቢንና የእግር ትርፍራፊ ካለ ለምኚ። ለእነሱ ቆሻሻ ነው፣ ለአንቺ የዓመት ቀለብ። ደላላ ካለ ኮሚሽኑን ማን እንደሚከፍል ከወዲሁ ይታወቅ።

ስታጓጉዢው ጭንቅላቱን ከጠረጴዛው ለይተሽ ጫኚ። 36 ኪሎ ገደማ ነው፣ ሁለት ሰው ያነሳዋል። በመዘውሩ ይዞ የሚያነሳ ጎረምሳ ካለ ጩኺበት። ባጃጅ ላይ ብርድ ልብስ አንጥፈሽ፣ በቆመበት፣ ባለቤትሽ አቅፎት ይምጣ። ቤት ሲደርስ የአዳማን አቧራ ታውቂያለሽ። ነፋሳችን ተርባይን የሚያዞር ነው። አቧራው ከዘይት ጋር ሲቀላቀል ሊጥ ይሆንና ማሽኑን ከውስጥ ይሞርደዋል። ማታ ማታ ጨርቅ አልብሺው። ዘይቱም የስፌት መኪና ነጭ ዘይት ይሁን፤ የሞተር ዘይት ወይም የምግብ ዘይት የጨመረ ሰው ማሽን ፈትቼ አውቃለሁ፣ እንደ ሙጫ ተጣብቆ ነበር።

የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ክሩ ሥር ይጠላለፍብሻል፣ ግድ ነው። ያኔ ቦቢን ቤቱ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን ለመነካካት እጅሽ ይበላሻል። ተዪያት። ከላይ ክሩን አውጥተሽ፣ እግሩን አንስተሽ፣ እንደገና አስገቢው። ስትጀምሪ ሁለቱን የክር ጫፎች በጣትሽ ወደ ኋላ ይዘሽ ሦስት ስፌት እስኪሄድ አትልቀቂ። አብዛኛው መጠላለፍ በዚህ ብቻ ይቀራል። ካልቀረ ከነቆዳው ከነክሩ እንዳለ ሳትቆርጪው ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ የሥሩን ገጽታ።